በሜዳውና በመንገዱ መካከል

ባለፈው ጥር ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። በማግስቱ ጠዋት፣ እንግዶቹ ሳይነሡ፣ ብቻየን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት አለፍ ብሎ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሣር ላይ ዘርግተው ያደርቃሉ። የእርጥቡ ናይለን ሽታ ከዓሣ ቅርፊቱና ከጭቃው ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫየን ሲሞላው ባለሁበት ቆምሁ። ሌላው ሰው ፊቱን አዙሮ የሚያልፈው ሽታ ነው። ለእኔ ግን የቤታችን ሽታ ነበር። አራተኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት፣ ከበጋው መግቢያ እስከ ፋሲካ፣ ግቢያችን፣ ልብሳችን፣ የደብተሬ ሽፋን ሳይቀር እንደዚያ ይሸት ነበር። የእማየ ክንድ የተሰበረበት ዓመት ነው።

ቤታችን እዚያው ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሠፈር ነበር፤ ከጓሯችን አጥር ማዶ ሜዳው አለ። ሜዳ ይባል እንጂ ሣር የሚያበቅለው በክረምት ብቻ ነው። መስከረም ከወጣ በኋላ የልጆች እግር ላጭቶት ቀይ አቧራ ይሆናል። በአንዱ ጥግ ትልልቆቹ የሚሰበሰቡበት ዋርካ አለ። ሁለቱ ጎሎች ከባሕር ዛፍ እንጨት የቆሙ ናቸው። ከአንደኛው ጎል ኋላ የትምህርት ቤቱ ግንብ ስላለ፣ ኳስ ቢስትም ግንቡ ይመልሰዋል። ከሌላው ጎል ኋላ ግን ምንም የለም። ትንሽ ቦይ፣ ከቦዩ ወዲያ መንገድ። ወደ ሐይቁ የሚወርደው ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ከአንበሳሜ እህል ጭኖ ለገበያ የመጣው አህያ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ የሚወጣው ብስክሌተኛ።

ኳሱ ስቶ ወደ መንገዱ ሲወጣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ኳስ!» ይላሉ። መንገደኛው አንገቱን ይቀብራል፤ ብስክሌተኛው ይንገዳገዳል፤ አህያው ይበረግጋል። አንድ ጊዜ ዳቦ የምትሸጥ ሴትዮ ሳፋ ውስጥ ገብቶ ዳቦውን ሁሉ አቧራ አለበሰው። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ ኳሱን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ቤቷ ሄደች። ልጆቹ እናቶቻቸውን አስከትለው ለምነው ነው ያስመለሱት። ሁሉም ያወራውና ይሥቅበት ነበር። የዚያን ጊዜ ገና ሣቅ ነበር።

እኔ ሜዳውን የማየው ከአጥራችን ቆርቆሮ ቀዳዳ ነው። ከዚያ ቀዳዳ ጎሉና መንገዱ ይታያሉ እንጂ ከመንገዱ ማዶ፣ ከዛፎቹ በላይ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት አይታይም። ስለዚህ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እዚያ ቦታ ሲደርስ ቆም ብሎ ሲያማትብ ሳይ፣ ኳሱን ፈርቶ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌውም ወጣቱም ጎሉ ኋላ ሲደርስ ያማትባል፣ ጎንበስ ይላል፣ ይሄዳል። በልቤ «ለካ ትልቅ ሰውም ኳስ ይፈራል» እላለሁ። አንድ ቀን እማየን ጠየቅኋት።

«ኳሱ እንዳይመታቸው ነው አይደል የሚያማትቡት?»

እማየ እስክትደክም ሣቀች። «አይ ውብየ፣ ቤተ ክርስቲያን እየተሳለሙ እኮ ነው» አለችኝ።

ውባለም ነው ስሜ፤ ደስ ሲላት ግን ውብየ ትለኝ ነበር። አባባሏን ሙሉ በሙሉ አላመንሁም። እሷ ራሷ ከፋብሪካ በብስክሌት ስትመለስ፣ ልክ እዚያ ቦታ ስትደርስ አንድ እጇን ከመሪው ላይ አንሥታ ስታማትብ በቀዳዳው አይቻታለሁ።

የወደቀችውም እንዲሁ አንድ እጇን እንዳነሣች ነው።

ኅዳር ውስጥ ነበር። ጨው ልገዛ ተልኬ ከሱቅ ስመለስ ከመንገዱ ወዲያ ጫፍ ስትመጣ አየኋት። የፋብሪካ ሽርጧን አጣጥፋ ከኋላ አስራዋለች፤ ነጠላዋ በነፋስ ይውለበለባል። ሮጬ ልቀበላት ስል እጇን አነሣች። «ኳስ!» ሲባል ሰማሁ። ኳሱ የፊት ጎማውን ከጎኑ መታው፤ ጎማው ተጣመመ፤ እማየ በግራ ክንዷ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ከኋላዋ ባጃጅ ነበር። ሲይዝ የጮኸው ፍሬን አሁንም ጆሮየ ውስጥ አለ። የባጃጁ የፊት ጎማ የነጠላዋን ጫፍ ረግጦ፣ ከራሷ አጠገብ ቆመ።

ባጃጁን የሚነዳው ገና ጢም ያላበቀለ ወጣት ነው። ወረደና መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። ያረጋጋችው እማየ ናት፣ እንደተኛች።

«አይዞህ ልጄ። አልነካኸኝም። ነጠላየን ነው፣ ነጠላየን ብቻ ነው» አለችው።

ወደ ሜዳው ዘወር ስል ባዶ ነበር። ያ ሁሉ ልጅ በየት በየት እንደገባ እንጃ። አንድ ሰው ብቻ እየሮጠ መጣ፤ ወንድሜ ዳዊት ነው። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበር። ቦዩን ዘሎ መጣና እማየን በብብቷ ገብቶ አነሣት። ፊቱ አመድ መስሏል። ሌሎቹ ሲሸሹ እሱ ብቻ በመምጣቱ ኮራሁበት። ወጣቱ በባጃጁ ሆስፒታል ወሰዳቸው። እኔ ጨዌን እንደያዝሁ ነጠላውን ከመንገዱ አንሥቼ ቤት ገባሁ። ጎማው የረገጠው ቦታ ላይ ጥቁር መስመር ነበረበት።

እማየ ክንዷ በጀሶ ታሽጎ ተመለሰች። ፋብሪካው እረፍት ሰጣት። አባየ የሚሠራው ቆጋ መስኖ ላይ ስለሆነ ሳምንቱን መራዊ ይሰነብትና ቅዳሜ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ቤቱ በእኔና በዳዊት ላይ ወደቀ። እኔ የእማየን ፀጉር መጎንጎን ያዝሁ፤ ጎንጉኜ ስጨርስ አንዱ ወገን ወፍራም ሌላው ቀጭን ይሆናል፤ እሷ ግን በመስታወት ታየውና «ጥሩ ነው» ትላለች። ሌላውን ሁሉ ዳዊት ያዘው። ልብስ ያጥባል፣ ወጥ ይሠራል፣ ቤት ይጠርጋል። ሜዳውን ረስቶታል። የሠፈሩ ሴቶች ሊጠይቁ ሲመጡ «እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው» ይላሉ። እነሱ ባመሰገኑት ቁጥር ጀርባውን ያዞራል፤ አንዳንዴም ውሃ አልቋል ብሎ ይወጣል፤ እንስራው ሙሉ መሆኑን እኔ አያለሁ። ይህን ሁሉ የሚሠራው እማየ ብስክሌቱን እንድትሰጠው ፈልጎ ነው አልሁ። ጎማው ተጣሞ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር።

ማን እንደመታው የተናገረ የለም። እኔ ግን ሳሙኤል ነው ብየ ደመደምሁ። ሳሙኤል የክፍሌ ልጅ ነው፤ እግሩ ትልቅ ስለሆነ የአባቱን ጫማ ያደርጋል። እንደዚያ ያለ ኳስ ከሌላ እግር አይወጣም። ሰላም አልለውም ነበር። ዘይቱን ፍሬ ሲሰጠኝ «አልፈልግም» አልሁት። እሱም ለምን ሳይለኝ መልሶ ኪሱ ከተተው።

በግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ አያ ምናሉ የሚባሉ አረጋዊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ውሃውን ተዉት፤ አሁን በራቸው ላይ ተቀምጠው የሌሎችን መረብ ይጠግናሉ። እማየ ከሆስፒታል ስትመለስ በራፋችን ድረስ መጥተው ጀሶውን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «እግዜር ይማርሽ ትርንጎ» አሏት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እንደዚያ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም።

በሁለተኛው እሑድ የሠፈሩ ሰው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። የሠፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ጌትነት «ዛሬ ሜዳው ይዘጋል አይዘጋም የሚለውን እንጨርሳለን» ሲሉ ሰማሁና ግራ ገባኝ። በር የሌለው ነገር እንዴት ይዘጋል? ሰዎቹ እስኪሰበሰቡ ድረስ ሜዳውን ዞሬ በሩን ፈለግሁ።

ተናጋሪው ሁሉ ይዘጋ የሚል ነበር። አንዱ የባጃጅ ማቆሚያ ይሁን ይላል፤ አንዱ ባሕር ዛፍ ይተከልበት ይላል። ልጆቹ ከዋርካው ኋላ ሥሩ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። አባየ መጥቶ ነበር፤ እጁን አጣጥፎ ዝም ብሏል። መጨረሻ ላይ አቶ ጌትነት «የተጎዳችው እሷ ናት፤ እሷ ትናገር» አሉና እማየ ክንዷን በነጠላ እንዳንጠለጠለች ተነሣች።

«ክንዴ አሁንም ያመኛል» አለች። «ሜዳው ይዘጋ ብትሉ ማንም አይፈርድባችሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልጆቹን የት ልታውሏቸው ነው? እኔ ልንገራችሁ፤ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ሄደው ይዋኛሉ። አምና ክረምት የት ሄደን እንዳለቀስን ረስታችሁት ነው?»

እትየ ብርቄ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። ልጇን ውሃው የወሰደባት እሷ ናት። እማየም አየቻትና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይቅር በይኝ እህቴ» አለቻት።

እትየ ብርቄ ከነጠላዋ ሥር ሆና «ተናገሪ፣ እውነት ነው» አለች።

«ታዲያ መንገደኛው ይሙት ነው የምትይው?» አሉ አቶ ጌትነት።

«አይሙት። መንገዱም ይጠበቅ፣ ሜዳውም ይኑር ነው የምለው። በመካከሉ አንድ ነገር እናቁም።»

ግንብ የሚያሠራ አቅም እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ያን ጊዜ ከኋላ አያ ምናሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መረብ ይሆናል» አሉ።

አንዳንዱ ሣቀ። «አያ፣ የዓሣ መረብ ኳስ ይይዛል?»

«እንጃ። ኳስ አጥምጄ አላውቅም። እንሞክረው እንጂ።»

እስከ ፋሲካ ድረስ እንዲሞከር ተወሰነ። መረቡ ካልያዘ ሜዳው ይዘጋል። እስከዚያ ድረስ በመንገዱ በኩል ባለው ጎል እንዳይመታ ተከለከለ፤ ልጆቹም ሁለቱ ቡድኖች በአንዱ ጎል ላይ ብቻ የሚያገቡበት፣ ማን ለማን እንደሚጫወት የማይታወቅ ጨዋታ ፈለሰፉ።

ቤት ስንገባ አባየ ገና ሳይቀመጥ ነው የጀመረው።

«ሰው ፊት ስለሆነ ዝም አልሁ። የባጃጁ ጎማ ነጠላሽን ረግጧል እኮ ትርንጎ። ትንሽ ቢያልፍ ኖሮ እነዚህን ልጆች ለማን እተዋቸው ነበር? አንቺ ደግሞ መረብ ልትሰፊላቸው ነው። እኔ ነኝ ብሎ የተናገረ እንኳ አንድ ሰው የለም።»

ዳዊት ጥግ ላይ ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ።

አባየ የሰማ አልመሰለም። «ምን አልህ?»

«የመታሁት እኔ ነኝ።»

እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል። እኔ የሽንኩርቱ መስሎኝ ነበር። እማየ ወደ ዳዊት ሄዳ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለችው። «‹ኳስ› ሲባል ዞሬ አይቻለሁ። ጎሉ ፊት የቆምኸው አንተ ነበርህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ ነው። ልብስ ስታጥብ፣ ወጥ ስትሠራ፣ ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልሁ።»

ዳዊት ፊቱን ጉልበቷ ላይ ደፋ። እማየ በደህናው እጇ ጀርባውን ትደባብሰው ጀመር። አባየ ሁለቱን አየት አደረገና ወጣ። ተናዶ የሄደ መስሎኝ ተከተልሁት። ግቢው ውስጥ ብስክሌቱን ገልብጦ፣ የተጣመመውን ጎማ በጉልበቱ ይዞ ሲያቃና አገኘሁት። እስኪመሽ ድረስ ከዚያ አልተነሣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከመራዊ የመጣው እንደወትሮው በሚኒባስ አልነበረም፤ አይሱዙ ላይ ረጃጅም የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ጭኖ፣ ራሱም ቋሚዎቹ ላይ ተቀምጦ መጣ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሳሙኤልን ፈልጌ አጠገቡ ቆምሁ። ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅሁም። «ዘይቱን አለህ?» አልሁት። ኪሱን ፈተሸና ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ቤታችን ዓሣ ዓሣ መሽተት የጀመረው። አያ ምናሉ ዳዊትንና ጓደኞቹን ይዘው ሐይቁ ዳር ሄደው ከሚያውቋቸው አጥማጆች ያረጁ መረቦችን ለመኑ። እየተሸከሙ አምጥተው ግቢው ውስጥ ከመሩት። የሠፈሩ ድመት ሁሉ በአጥራችን ላይ ተሰለፈ። ትምህርት ቤት ወንበር የምትጋራኝ ልጅ «ምን ይሸታል?» እያለች ወደ ጫፉ ሸሸችብኝ። ከሰዓት በኋላ ሁሉ ሰው እየመጣ ይሰፋ ነበር። አያ ምናሉ የእንጨት መርፌያቸውን ይዘው አንዱን መረብ ከሌላው እንዴት እንደሚቋጥሩት ያሳያሉ። እማየ መስፋት ባትችልም ጀሶዋን የመረቡ ጫፍ ላይ አስደግፋ እንዳይንቀሳቀስ ትይዝላቸዋለች። «ቢያንስ ለዚህ ጠቀመኝ» ትል ነበር። እትየ ብርቄም ትመጣ ነበር። ዳር ላይ ተቀምጣ ማንንም ሳታነጋግር ትሰፋለች፤ ከሁሉም ዘግይታ የምትሄደው እሷ ናት።

መረቡ የተሰቀለ ቀን ሠፈሩ ሁሉ ወጣ። ቋሚዎቹ ከጎሉ ኋላ በቦዩ ጠርዝ ተተከሉ፤ መረቡ በመካከላቸው ጥብቅ ብሎ ተወጠረ። አቶ ጌትነት ከመንገዱ ወገን ቆሙና «በሉ አንዱ ይምታ» አሉ። ሁሉም ወደ ሳሙኤል ዞረ። ሳሙኤል የአባቱን ጫማ ማሰሪያ አጥብቆ ተንደርድሮ መታው። ኳሱ መረቡን ቀዶት አለፈና በአቶ ጌትነት እግሮች መካከል ሾልኮ መንገዱን ተሻገረ።

የሣቀውም ሣቀ፣ የተቆጣውም ተቆጣ። አቶ ጌትነት ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። አያ ምናሉ ግን መሬት ላይ ተቀምጠው ቀዳዳውን ሲያገላብጡት ቆዩ። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ።

«አዘኑ አያ?» አልኋቸው።

«ምን ያሳዝናል» አሉ። «ዓሣ መረብ ውስጥ ገብቶ ይታገላል እንጂ እንዲህ ተወርውሮ አይመጣም። ጠባዩን አላወቅሁትም።»

እንደገና ወረደ። በሌላ መረብ ተደረበ። ይህን ጊዜ አልተወጠረም፤ እንደ መጋረጃ ላላ ብሎ ተንጠለጠለ። ሳሙኤል ደግሞ መታው። ኳሱ ገባ፣ መረቡ ሆዱን ነፋ፣ ኳሱም ደክሞት እንደተኛ ሰው ከመረቡ ሥር ወደቀ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጥምቀት ከማለፉ በፊት በሁለቱም ጎል መጫወት ጀመሩ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ መረቡ ላይ አንድ ነገር ሲንፈራገጥ አየን። ወፍ ነው፤ ሐይቁ ዳር ከውሃው በላይ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዓሣ ለመያዝ ቁልቁል የሚወረወረው፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ። ክንፉ ተጠላልፎ አንገቱ ዞሯል። ዳዊት ሮጦ አያ ምናሉን ጠራቸው። መጡና ቢላዋቸውን አወጡ፤ መረቡን እያዩ፣ ወፉን እያዩ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ያን ያህል የደከሙበትን መረብ ቆራርጠው ወፉን አወጡት። እጃቸው ላይ እንዳለ ለጥቂት ጊዜ ተነፈሰ፤ ከዚያ ተወ።

«ከእኔ ጋር ውሃ ላይ የኖረ ወፍ ነው» አሉ። «ዓሣውን ተሻምተን ነው ያረጀነው። እዚህ ድረስ መጥቶ በእኔ መረብ መሞት አልነበረበትም። አውርዱት።»

ዳዊት «አያ፣ ከወረደ ሜዳው ይዘጋል እኮ» አላቸው።

«አውርዱት አልሁ» አሉና ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

ያን ቀን ሁሉ አልወጡም። እማየ ራት ስትልክላቸው ዳዊት እንዳለ መለሰው። እሷ የዚያን ሰሞን ጀሶዋ ተፈትቶ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ክንዷ ግን እንደ ድሮው አልተዘረጋም፤ ክርኗ ላይ ትንሽ ተቀልብሶ ቀርቷል። በማግስቱ ከፋብሪካ ስትመጣ በደህናው እጇ ትልቅ ማዳበሪያ ይዛ በአያ ምናሉ በር ላይ ቆመች።

«አያ፣ ይውጡ እስኪ። ወፉ እኮ መረቡን አላየውም።»

«እንዳይታይ ተብሎ ነው የሚሠራ» አሉ ከውስጥ።

«እንግዲያው እንዲታይ እናድርገው።»

ማዳበሪያውን ግቢው መካከል ገለበጠችው። ፋብሪካው ከጨርቁ ጠርዝ ቆርጦ የሚጥለው ቅዳጅ ነበር፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት። አያ ምናሉ ብቅ ብለው አዩት፤ አንዱን አንሥተው ቋጠሮውን በጣታቸው ሞከሩት። ከዚያ ተቀመጡ። ያን ሳምንት የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ጨርቅ ሲቋጥር ሰነበተ። መረቡ ከዳር እስከ ዳር ዝንጉርጉር ሆኖ ተሰቀለ፤ ከሐይቁ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ጨርቅ አንድ ላይ ይርገበገባል። ወፎቹ ከዚያ ወዲህ ከላዩ ዞረው ነው የሚያልፉት።

ሰው ግን ተሳሳተ። በገበያ ቀን አንዲት አሮጊት ከአንበሳሜ ቅርጫት አዝለው መጥተው መረቡ ፊት ቆሙ። ዳዊት የተፈታ ቋጠሮ እያሰረ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ የማን ስለት ነው?» አሉት።

«ስለት አይደለም እናቴ። ኳስ ወጥቶ ሰው እንዳይጎዳ ነው።»

አሮጊቷ አሰቡበት። «እሱም ስለት ነው» አሉና ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዝዘው መረቡ ላይ አሰሩ። አማትበው፣ ጎንበስ ብለው ሄዱ። እኔ በቆርቆሮው ቀዳዳ እያየሁ፣ ይኸው እንዳልሁት ነው አልሁ።

ሁለት ነገር ግን አልተስተካከለም ነበር። አንደኛው ዳዊት ነው። በየቀኑ ሜዳው ላይ ነው የሚውለው፤ ግን መረቡን ይፈትሻል፣ ይጠግናል እንጂ አይጫወትም። ልጆቹ ሲጠሩት «ሥራ አለብኝ» ይላል። እውነትም አለበት፤ ራት እስካሁን የሚሠራው እሱ ነው፤ እማየ ክንዷ ከተፈታ በኋላም ማንኪያውን አልለቀቀም። ሁለተኛዋ እማየ ናት። አባየ ያቃናላት ብስክሌት ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ እሷ በእግሯ ትሄዳለች። በሜዳው ኋላ ባለው መንገድም አትመጣም፤ በገበያው ዞራ ነው የምትመለሰው። መንገዱ ሩቅ ነው። አንድ ጊዜ ለምን ብየ ስጠይቃት «ሽንኩርት ለማየት ነው» አለችኝና አመንኋት። ሽንኩርት ይዛ ያልመጣችባቸው ቀኖች ግን ብዙ ነበሩ። ሌላው ሰው በሰላም የሚያልፍበትን መንገድ ያስጠበቀችው እሷ ሆና፣ እሷ ራሷ ልታልፍበት አልቻለችም። ይህን ያኔ የተረዳው አባየ ብቻ ይመስለኛል። በየቅዳሜው ጎማውን ነፍቶላት ይሄድ ነበር፤ ምንም ሳይላት።

ፋሲካ ሲደርስ አቶ ጌትነት መጥተው መረቡ ኋላ ለረጅም ጊዜ ቆመው ጨዋታ አዩ። ሲሄዱ ለአያ ምናሉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። ሜዳው ይዘጋል የሚል ወሬ ከዚያ በኋላ አልተሰማም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ከሰዓት በኋላ እኔና ዳዊት መረቡ ሥር ነበርን፤ እሱ ይቋጥራል፣ እኔ ክር እይዝለታለሁ። የብስክሌት ደወል ሰማን። እማየ ናት። በገበያው በኩል ሳይሆን በመንገዱ ራስ ላይ፣ ቀስ ብላ ትመጣለች። ጠዋት በእግሯ ስለወጣች መቼ ተመልሳ ብስክሌቱን እንደወሰደች አላየንም። ሜዳው ላይ የነበሩት ሁሉ አዩአትና ጨዋታው ቆመ። ኳሱ ራሱ እየተንከባለለ መጥቶ ዳዊት አጠገብ ቆመ።

እማየ ከመረቡ ኋላ ስትደርስ አንድ እግሯን መሬት ላይ አድርጋ ቆመች።

«ለምን ቆማችሁ?» አለች። «ዳዊት፣ ምታው።»

ዳዊት ኳሱን አየ። «አልመታም» አለ።

«እዚህ ነኝ። ምታው ልጄ።»

«እማየ፣ እለፊ መጀመሪያ።»

«አላልፍም። ካልመታኸው ነገም አላልፍበትም፣ ከነገ ወዲያም አላልፍበትም።»

ዳዊት ወደ ኋላው ተራመደ። ከንፈሩን ነክሶ ኳሱን ሲያየው ቆየ። ሳሙኤል ከመካከል ሜዳ «በለው» አለው፣ በቀስታ። ከዚያ መታው። እንደፈራ ሰው ቀስ ብሎ አይደለም፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ነው። እማየ ዓይኗን አልጨፈነችም። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ኳሱ ሲመጣ ፊት ለፊት አየችው። መረቡ ከፊቷ ተነፋ፣ ጨርቆቹ ሁሉ ወደ እሷ ተዘረጉ፣ ኳሱም ወደ ሜዳው ተመልሶ ወደቀ።

እማየ እግሯን መርገጫው ላይ መለሰች።

«ራት ዛሬ እኔ እሠራለሁ» አለችው። «እስኪመሽ ተጫወት።»